የክረምት ወንዝ መሻገር፦ ሙላቱን ለይቶ፣ መልካውን አይቶ

ወንዝ ዳር ስንደርስ የምንጠይቀው ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው። «ውሃው የት ይደርሳል?» ጉልበት ከተባለ እንገባለን፤ ደረት ከተባለ እንቀራለን። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ጉልበት የሚደርስ ውሃ በአንዱ መልካ በሰላም ያሻግራል፣ በሌላው መልካ ጎልማሳ ይዞ ይሄዳል። ልዩነቱ የሚመጣው ከሁለት ነገር ነው። የመጣው ምን ዓይነት ሙላት ነው? የወንዙ ወለልስ ምን ዓይነት ነው? ሁለቱን አንድ ላይ ሳታዩ ጥልቀት ብቻ ብትለኩ ምንም አልለካችሁም።

ይህን የምጽፈው በሰሜን ሸዋ ክረምቱን በእግር ለሚመላለስ ሰው ነው። ለተማሪ፣ ለገበያተኛ፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ለለቅሶ ለሚሄድ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ድልድይ ካለ በድልድይ ሂዱ። ግማሽ ቀን ቢያስረዝምም ሂዱ። ከታች ያለው ሁሉ ሌላ መንገድ ለሌለው ሰው ነው።

ደረጃ 1፦ ከቤት ሳትወጡ

1. የወንዛችሁን ራስ እወቁ። ዝናቡ የሚያሰጋችሁ እናንተ ያላችሁበት ቦታ ሳይሆን ወንዙ የሚነሳበት ቦታ ነው። ሮቢን የምትሻገሩ ከሆነ የምትጠይቁት ስለ ሸዋ ሮቢት ሰማይ አይደለም፤ ስለ ደብረ ሲና እና ስለ ጣርማ በር ነው። ጀማን የምትሻገሩ ከሆነ ስለ ደብረ ብርሃን፣ ስለ ጫጫ፣ ስለ መንዝ ጠይቁ።

2. ላይ ላለ ሰው ደውሉ። ዘመድ፣ የሥራ ባልደረባ፣ ሹፌር፣ ማንም ይሁን። ጥያቄያችሁ አጭር ይሁን። ዘነበ ወይ? ስንት ሰዓት ላይ? በረዶ ነበረው? የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ትንበያም ይሰማ። ግን ትንበያው ስለ ሰፊ አካባቢ ነው፤ የእናንተን ሸለቆ የሚያውቀው ላይ ያለው ሰው ነው።

3. ሰዓታችሁን አስተካክሉ። በክረምት ደጋው ላይ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ነው። ስለዚህ ለአጭር ወንዝ ጠዋት ከ1 እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ ይሻላል። ለረጅም ወንዝ ግን ይህ አይሠራም። ማታ ደብረ ብርሃን ላይ የዘነበው ሌሊቱን ሲጓዝ አድሮ ጠዋት ታች ቆላው ላይ ሊደርስ ይችላል። ጀማ በርሃ ጠዋት ስለሆነ ብቻ አትዝናኑ።

4. የምትይዙት ይህ ነው። ከትከሻችሁ የሚደርስ ጠንካራ ዱላ። እግር ላይ የሚጠብቅ ጫማ፣ በረባሶም ቢሆን ማሰሪያው የጠበቀ። 15 ሜትር ያህል ገመድ። ክዳኑ የሚገጥም ባዶ ጀሪካን። ስልክና ደረቅ ልብስ የሚጠቀለልበት ፌስታል፣ ሁለት ድርብ።

5. ጋቢ ለብሳችሁ አትግቡ። ጋቢ ውሃ ሲጠጣ ክብደቱ ሌላ ነው። እግርና እጅም ያስራል። አጣጥፋችሁ ጭንቅላት ላይ አድርጉት፣ ወይም ፌስታል ውስጥ ክተቱት።

ደረጃ 2፦ ሙላቱን ለዩ

አራት ዓይነት ነው። ስማቸው እንደየአገሩ ይለያያል፤ ጠባያቸው ግን አንድ ነው።

ደራሽ። ሩቅ ላይ ዘንቦ ደረቅ አገር ላይ የሚደርስ ነው። የኛ ምሥራቁ ዳገት የሱ አገር ነው። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በመካከሉ ያለው ርቀት ብዙ አይደለም። ውሃው ከዚያ ሁሉ ከፍታ በአጭር ርቀት ሲወርድ ቀስ ብሎ አይሞላም፤ ግንባር ሠርቶ ይመጣል። ሮቢ፣ ጀውሃ፣ አጣዬ እንዲህ ናቸው።

አንድ ቀን ቆላው ላይ አሸዋው ላይ ቁጭ ብዬ እግሬን እየታጠብኩ ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ከላይ በኩል አይሱዙ የሚመጣ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። በዚያ በኩል መንገድ የለም። ያ ነገር ነው ያነሳኝ። ዳገቱ ላይ ወጥቼ ዞር ስል እግሬን የታጠብኩበት ቦታ በግንድና በቆሻሻ ተሸፍኗል። ከዚያ ወዲህ ደረቅ አሸዋ ላይ አልቀመጥም።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። የማይቋረጥ ጉርምርምታ። ከላይ የሚመጣ ቀዝቃዛ ነፋስና የእርጥብ አፈር ሽታ። የጠራ ውሃ በድንገት መደፍረስ። አረፋ፣ ገለባ፣ ቅጠል፣ የከብት እበት ተንሳፍፎ መምጣት። ከነዚህ አንዱን ካያችሁ ዕቃ አትሰብስቡ። ወደ ዳገት ውጡ።

ጥሩ ጎኑ፣ ደራሽ እንደመጣው ይሄዳል። በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል። የሚያዋጣው መጠበቅ ነው።

የአካባቢ ጎርፍ። እላያችሁ ላይ የዘነበው ነው። ትናንሽ ጅረቶችና ፈፋዎች ወዲያው ይሞላሉ። ዝናቡ ባባራ በአንድ ሁለት ሰዓት ይወርዳሉ። ሰው በዚህ የሚወሰደው «ትንሽ ናት» ብሎ ስለሚንቅ ነው። ፈፋ ጠባብ ስለሆነ ውሃው ይፈጥናል። ደግሞም ዝናብ ላይ ስለሆናችሁ ትቸኩላላችሁ።

የከረመ ሙላት። ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ያለው ነው። መሬቱ ጠግቧል። የዘነበው ሁሉ ወደ ወንዝ ይሄዳል። ጀማ፣ በሬሳ፣ ከሰም በዚህ ጊዜ ለቀናት እንደሞሉ ይቆያሉ። ደራሹን የለመደ ሰው ዳር ቁጭ ብሎ «ይጎድላል» እያለ ይጠብቃል። አይጎድልም። ሦስት ሰዓት ጠብቆ ሲሰለቸው ይገባል። ይህ ሙላት መጠበቅ ሳይሆን መመለስ ወይም ድልድይ መፈለግ የሚጠይቅ ነው። ወደ መርሐቤቴ የምትሄዱ የጀማ ድልድይ አለላችሁ። በፍልሰታና በቡሄ ሰሞን ዘመድ ጋ ለመድረስ ብላችሁ አቋራጩን አትሞክሩ።

የጠራ ውሃ። መስከረምና ጥቅምት ላይ ያለው ነው። ሰው በጣም የሚዝናናበት ነው። ግን የጠራ ውሃ ጥልቀቱን ይደብቃል። ከላይ ስታዩት ከእውነተኛው ጥልቀት ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ይመስላል። 60 ሳንቲ ሜትር የመሰላችሁ 80 ነው። በዱላ ሳትለኩ በዓይን አትመኑት። ደጋው ላይ ደግሞ ጠዋት በጣም ይቀዘቅዛል፤ እግር ሲደነዝዝ የረገጠውን አያውቅም።

ደረጃ 3፦ ወለሉን ለዩ

አሸዋ። የቆላ ወንዞች ወለል ነው። ዋናው ጠባዩ በየሙላቱ መቀያየሩ ነው። አምና የተሻገራችሁበት መልካ ዘንድሮ የለም። ትናንት የተሻገራችሁበትም ማታ ደራሽ ከመጣ ዛሬ የለም። ሙላቱ አሸዋውን ቆፍሮ ጉድጓድ ይተዋል። ጉድጓዱ በደፈረሰ ውሃ አይታይም። እግር ስር ያለው አሸዋም ስትቆሙ ይሸረሸራል፤ ስለዚህ አሸዋ ላይ አይቆምም፤ ቀስ እያሉ መንቀሳቀስ ነው።

ልቅ ድንጋይ። የዳገት ግርጌና የሸለቆ ወንዞች ወለል ነው። እግር በሁለት ድንጋይ መካከል ይቀረቀራል። ወንዝ ውስጥ ካሉ አደጋዎች እኔ ከሁሉ የምፈራው ይህን ነው። እግር ተይዞ ውሃ ከገፋ ሰው ወደ ፊት ይደፋል። ያኔ ጉልበት የሚደርስ ውሃም ያሰምጣል። ጆሯችሁንም ተጠቀሙ። ከውሃው ስር ግው ግው የሚል የድንጋይ ግጭት ከተሰማ ወለሉ ራሱ እየተንከባለለ ነው። በዚያ ሰዓት አይገባም።

ንጣፍ አለት። ደጋው ላይ የተለመደ ነው። ውሃው ስስ ሆኖ ተዘርግቶ ይሄዳል። ቀላል ይመስላል። ግን አለቱን አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ለብሶታል፤ ያንሸራትታል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ከንጣፍ አለት በታች ብዙ ጊዜ ፏፏቴ ወይም ገደል መኖሩ ነው። ከመግባታችሁ በፊት ወደ ታች 100 ሜትር ያህል ሄዳችሁ እዩ። ፏፏቴ ካለ ውሃው ቁርጭምጭሚት ቢሆንም ሌላ ቦታ ፈልጉ።

መረሬ። ጅሩና የደብረ ብርሃን ዙሪያ ሜዳ ላይ ያለው ጥቁር አፈር ነው። ወንዙ ጸጥ ያለ ነው። ችግሩ ዳርና ዳሩ ነው። ጭቃው እግር ይይዛል፤ ጠርዙም ከስር ተበልቶ ሲረግጡት ይናዳል። ከብት የሚወርድበትን የተደላደለ ቦታ ፈልጉ።

የኮንክሪት መሻገሪያ። ውሃው በላዩ እንዲያልፍ የተሠራው ነው። ሹፌሮች ስሙ። 30 ሳንቲ ሜትር የሚፈስ ውሃ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል። 60 ሳንቲ ሜትር አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ባጃጅ ደግሞ ከመኪና ይቀላል። የኮንክሪቱ ጠርዝ የማይታይ ከሆነ አትግቡ። ውሃው ከስሩ ቆርጦት ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 4፦ ሁለቱን አዛምዱ

ዋናው ሥራ ይህ ነው።

ደራሽ በአሸዋ ላይ ከሆነ ፈጽሞ አትግቡ፤ ጠብቁ። ከጎደለ በኋላም ወለሉ አዲስ ነው። ቦታውን እንደማታውቁት ቁጠሩትና በዱላ እየፈተሻችሁ ግቡ።

ደራሽ በልቅ ድንጋይ ላይ ከሆነም ጠብቁ። ውሃው ሲጎድል ግን ወለሉ ከአሸዋው ይልቅ የነበረበት ሆኖ ስለሚቆይ የድሮው መልካ ብዙ ጊዜ ይሠራል።

የከረመ ሙላት በልቅ ድንጋይ ላይ ከሆነ መመለስ ነው። የጀማ ሸለቆ በነሐሴ እንዲህ ነው። ወገብ የሚደርስ ውሃ፣ የሚንከባለል ድንጋይ፣ የማይጎድል ሙላት። እዚህ ብልሃት የለም።

የከረመ ሙላት በመረሬ ሜዳ ላይ ከሆነ፣ ውሃው ቀርፋፋ ስለሆነ ሰፊና ስስ ቦታ ካገኛችሁ ይሞከራል። ለዳሮቹ ተጠንቀቁ።

የአካባቢ ጎርፍ በንጣፍ አለት ላይ ከሆነ ዝናቡ ካባራ በኋላ አንድ ሰዓት ተቀመጡ። በዚህ ምክንያት ብቻ የተረፈ ሰው ብዙ ይመስለኛል።

የጠራ ውሃ በአሸዋ ላይ ከሁሉ የተሻለው ነው። እንደ ልባችሁ ግን አትሁኑ። ለኩ።

የወንዙንም ቅርጽ እዩ። ወንዝ ሲታጠፍ የውጭው ዳር ጥልቅና ፈጣን ነው፤ የውስጡ ስስ ነው። መታጠፊያ ላይ ከስሱ ዳር ስትነሱ ቀላል ይመስላል፤ መጨረሻው ግን ጥልቁ ነው። ቀጥ ያለና ሰፊ ቦታ ምረጡ። ጠባብ ቦታ «አጭር ነው» ብላችሁ አትምረጡ። ውሃው ሲጠብ ይጠልቃል፤ ይፈጥናልም።

ደረጃ 5፦ ዳር ላይ ለኩ

1. ውሃው የሚነካበት ጫፍ ላይ እንጨት ትከሉ። 15 ደቂቃ ተቀመጡ። እንጨቱ ውሃ ውስጥ ከገባ ወንዙ እየሞላ ነው፤ አትግቡ። ደረቅ ላይ ከቀረ እየጎደለ ነው። ይህችን 15 ደቂቃ ማንም አይወዳትም። እናንተ ግን አትዝለሏት።

2. ፍጥነቱን ለኩ። በዳሩ 10 ሜትር ተራመዱና ምልክት አድርጉ፤ 12 ወይም 13 እርምጃ ያህል ነው። ከላይኛው ምልክት ትይዩ ቁራጭ እንጨት ወደ መሀል ወርውሩ። ታችኛው ምልክት እስኪደርስ ሰኮንድ ቁጠሩ።

3. ወስኑ። ውሃው ጉልበት የሚደርስ ከሆነና እንጨቱ ከ10 ሰኮንድ ባነሰ ጊዜ ከደረሰ አትግቡ። ከጉልበት በላይ ከሆነ ደግሞ ፍጥነቱ ምንም ይሁን ለብቻችሁ አትግቡ። የውሃ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ለዚህ ነው ፈጣን ውሃ 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆንም ሰው የሚጥለው። ልጅ፣ አረጋዊ፣ ነፍሰ ጡር ካለች መለኪያው በነሱ ጉልበት ነው።

4. የምትወጡበትን ቦታ አሁኑኑ ምረጡ። ከምትገቡበት ትንሽ ወደ ታች ይሁን። ከዚያም ወደ ታች ምን እንዳለ እዩ። የወደቀ ዛፍ፣ ቁጥቋጦ፣ አዙሪት ወይም ፏፏቴ ካለ ቦታ ቀይሩ።

ደረጃ 6፦ ግቡ

1. ጫማ አታውልቁ። በባዶ እግር መግባት ልማድ ነው፤ መጥፎ ልማድ ነው።

2. የሻንጣውን የደረት ማሰሪያ ፍቱ። አንድ ትከሻ ላይ ብቻ ይሁን። ስትወድቁ መጣል አለባችሁ።

3. ገመድ ወገባችሁ ላይ አትሰሩ። ይህን ደጋግሜ አያለሁ። የታሰረ ሰው ሲወድቅ ውሃው ገመዱን ወጥሮ ከስር ይይዘዋል። ገመድ ለመወርወር ነው።

4. ፊታችሁን ውሃው ወደሚመጣበት አዙሩ። ዱላውን ከፊታችሁ ትከሉና ተደገፉት። ሁለት እግርና ዱላ፣ ሦስት እግር ማለት ነው። አንዱን ስታነሱ ሁለቱ መሬት ይያዙ።

5. ወደ ጎን ተንሸራተቱ፤ እግር አታጣምሩ። ትንሽ ወደ ታች ያዘመመ መስመር ያዙ። ከውሃው ጋር ፊት ለፊት አትታገሉ።

6. ውሃውን አትዩ፤ ያዞራል። የወዲያኛውን ዳር አንድ ድንጋይ ወይም ዛፍ ላይ ዓይናችሁን አሳርፉ።

7. ብዙ ከሆናችሁ በአንድ ሰልፍ ቁሙ፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ፣ ሁላችሁም ፊታችሁ ውሃው ወደሚመጣበት። ጠንካራው ከፊት ሆኖ ውሃውን ይሰብራል። የኋላኞቹ ትከሻውን ይዘው ወደ ታች ይጫኑታል። አብራችሁ ወደ ጎን ተራመዱ። አንድ ሰው ብቻ «በል» ይበል።

8. አህያና በቅሎ ጭነታቸው ይራገፍ። ከእንስሳ በታች በኩል አትቁሙ። ከወደቀ እናንተን ይዞ ይሄዳል።

ደረጃ 7፦ ነገር ሲበላሽ

መሀል ላይ ሆናችሁ ውሃው ከደፈረሰ ወይም ገለባ ካመጣ፦ የሚቀርበውን ዳር ምረጡና ሂዱ። «የመጣሁበት» ወይም «የምሄድበት» አትበሉ። የሚቀርበው ብቻ።

ከተንሸራተታችሁ፦ ሻንጣና ዱላ ጣሉ። በጀርባ ተኙ። እግራችሁ ወደ ታች በኩል ይቅደም፤ ጣቶቻችሁ ከውሃው በላይ ይታዩ። ለመቆም አትሞክሩ፤ እግር የሚቀረቀረው ያኔ ነው። በእጃችሁ እየቀዘፋችሁ አዝምማችሁ ወደ ዳር ሂዱ። ቂጣችሁ ወለል ሲነካ ብቻ ተነሡ።

የወደቀ ዛፍ ላይ ልትጋጩ ከሆነ፦ እዚህ ሕጉ ይገለበጣል። በሆዳችሁ ተገልበጡ፣ ራሳችሁን አስቀድሙ፣ ዛፉ ላይ ለመውጣት በኃይል ቅዘፉ። እግር ከቀደመ ከስሩ ይጎትታችኋል።

መሀል ደሴት ላይ ከቀራችሁ፦ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ቁሙና ሰው ጥሩ። ደራሽ ከሆነ በሰዓታት ይጎድላል። ስለሰለቻችሁ አትግቡ።

ሰው ከተወሰደ፦ ዘላችሁ አትግቡ። ሁለተኛ ሰው የሚጠፋው እንዲህ ነው። በዳር ወደ ታች ሩጡና ቅደሙት። ጀሪካኑን በገመድ እሰሩ፤ ለመወርወር እንዲመች ትንሽ ውሃ ጨምሩበትና ክዳኑን ግጠሙ። ከሰውዬው አሻግራችሁ ወርውሩ። ሲይዘው ወደ እናንተ ቀጥ አድርጋችሁ አትጎትቱ፤ እግራችሁን ተክላችሁ ያዙት፤ ውሃው ራሱ ወደ ዳር ያመጣዋል።

የወጣው ሰው የማይተነፍስ ከሆነ፦ ሆዱን አትጫኑ፤ ዘቅዝቃችሁም አትያዙ። ውሃ ማስወጣት ጊዜ ማጥፋት ነው። በጀርባው አስተኙት። አገጩን ቀና፣ አፍንጫውን ያዝ አድርጋችሁ አምስት ጊዜ በአፉ ትንፋሽ ስጡት። ከዚያ ደረቱን መሀል ላይ 30 ጊዜ ጠንከርና ፈጠን አድርጋችሁ ጫኑ፤ ሁለት ትንፋሽ ስጡ። ትንፋሹ እስኪመለስ ወይም የጤና ባለሙያ እስኪደርስ ይህንኑ ደጋግሙ። የነቃ ሰውም ቢሆን ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ሳንባው ውስጥ የገባ ውሃ ከሰዓታት በኋላ ሊያስቸግር ይችላል። እርጥብ ልብሱን አውልቃችሁ ያ ፌስታል ውስጥ ያለውን ደረቅ አልብሱት። ደጋ ላይ ብርዱ ራሱ ይገድላል።

ደረጃ 8፦ ከተሻገራችሁ በኋላ

ወዲያው ልብስ ቀይሩ። ማምሻውን በዚያው መንገድ የምትመለሱ ከሆነ ወዲያኛው ዳር ላይ ሌላ እንጨት ትከሉ። ውሃው የት እንደነበረ ስንጥቅ ወይም ጨርቅ አድርጉበት፤ የሰዓቱንም ልብ በሉ። ስትመለሱ ምልክቱ ውሃ ውስጥ ከሆነ ጠዋት የለካችሁት ሁሉ ፈርሷል። ከደረጃ 2 ጀምሩ። ጨለማ ከቀደማችሁ ደግሞ እዚያው ያለ ቤት ግቡና እደሩ። ቤት ላሉትም ደውላችሁ «ወንዙ ሞልቷል፣ ነገ ነው የምመጣው» በሉ።